ጭስ አልባ ኩሽና

ኮሚቴ ማለት አንድ ሰው ብቻውን ሊያፍርበት የሚገባውን ነገር ሰባት ሰዎች ተካፍለው እንዲያቀሉት የተፈጠረ ዘዴ ነው እያልኩ ስጽፍም ስናገርም ኖሬያለሁ። ስለዚህ የከተማችን አስተዳደር የኢነርጂ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥታ «የጭስ አልባ መንደሮች ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ ቢገቡልን» ስትለኝ ስቄ መመለስ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው።

የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለች፣ ስሟን ብጠራ የሚቀየሙኝ ሰዎች በሚበዙባት ትንሽ ከተማ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለን። የፊተኛው የእኔና የመጻሕፍቴ ነው፤ የኋለኛው የእሷ። ኩሽናዋ በመካከል አለ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሌላ አገር ተመድበው ለሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች በኮንትራት ምሳ ታበስላለች። የባንክ ሰው፣ የግብርና ሰው፣ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሰው፣ ሁሉም የእኛን ብርድ የለመደው በእሷ ሽሮ ነው። ለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ዛፍ አንድዳለች። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀልቶ ያነባል፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ ከሟቹ ቤተሰብ ይልቅ ያዘነች እየመሰለች የሰው ሆድ ታባባ ነበር።

ሳሏ ሲብስባት ደብረ ማርቆስ ወሰድኳት። ሐኪሙ የደረቷን ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያይ ቆየና፣

«እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት።

«ኧረ በስመ አብ! እጄም ነክቶት አያውቅ።»

«ምግብ የሚያበስሉት በምንድን ነው?»

«በእንጨት ነዋ። በምን ላበስል ኖሯል?»

«እንግዲያውስ አጭሰዋል» አለ። ለእሷ መድኃኒት ጻፈላት፤ እኔን ደግሞ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ከጭስ ካልራቀች ብዙ ክረምት እንደማትሻገር ነገረኝ። በሚኒባሱ ስንመለስ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። «ጭስ ይቅርብሽ ነው ያለው» አልኳት።

«ምሳውን በጸሎት ላበስለው ነው?» አለች።

የከተማው ፕሮግራም የመጣው ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። የከተማው አዳራሽ ላይ «ንጹህ ኃይል በተመጣጣኝ ዋጋ ለሁሉም» የሚል ባነር ተሰቀለ። አስተዳደሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጥቶ በግማሽ ዋጋ ለነዋሪው ያከፋፍላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የማልወደው ሰው ጥሩ ሐሳብ ሲያመጣ ደግሞ ቀኔ ይበላሻል። እህቴ ምድጃውን ከወሰዱት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። ችግሩ በሁለተኛው ሳምንት ታወቀ። የመንደራችን ትራንስፎርመር አርጅቷል፤ አምስት ስድስት ቤት አንድ ላይ ምድጃ ሲለኩስ አምፖሉ እንደ ጧፍ ይሆናል፣ ድስቱም ላብ ብቻ አውጥቶ ይቀራል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሴቱ ሁሉ ምሳ በሚጥድበት ጊዜ፣ በዚያ ምድጃ ላይ እጅ ማሞቅ እንጂ ሽሮ ማፍላት አይቻልም ነበር።

አስተዳደሩ ይህን ሰምቶ መፍትሔ አመጣ። አዳዲስ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ቅድሚያ የሚያገኙት ግን ጭስን ትተው ወደ መብራት መዞራቸውን በተግባር ያስመሰከሩ መንደሮች ናቸው።

በኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ይህ ማለት እንጀራ የሚሰጠው አስቀድሞ ለጠገበ ሰው ነው ማለት ነው» አልኩ። ሳቁ። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። ቀጭን፣ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ የምትቀመጥ ሴት ናት።

«ትክክል ነዎት» አለችኝ። «በእጃችን ያሉት ሁለት ናቸው። መንደሮቹ ደግሞ አሥራ አንድ። እርስዎ ቢሆኑ ለማን ይሰጣሉ?»

እኔ ብሆን ለእህቴ መንደር እሰጣለሁ። ይህን ግን በቃለ ጉባኤ ማስያዝ አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ መንደሩ ጭስ መተዉ በምን ይታወቃል የሚለው ነበር። አንዱ ቅጽ ይዘጋጅ አለ። ሌላው አባወራዎች ይፈርሙ አለ። እኔ ቅጽ የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ቅጽ በዚህ አገር እውነት ተቀብሮ ሣር የበቀለበት ቦታ ነው። ተነሥቼ ተናገርኩ። «ቅጽ ይዋሻል፣ ሰው ይዋሻል፣ ግድግዳ አይዋሽም። እንጨት የሚነድበት ኩሽና ግድግዳው ጥቀርሻ ይይዛል። መጀመሪያ ሁሉም ኩሽናውን ኖራ ይቀባ። ከወር በኋላ ሄደን ግድግዳውን በነጭ ሶፍት እንጥረገው። ሶፍቱ ከጠቆረ ወድቋል፤ ከነጣ አልፏል።»

አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከስብሰባው ስወጣ የተማረ ሰው በከተማ ሥራ ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ይጠቅም ነበር እያልኩ በራሴ ስደነቅ ትዝ ይለኛል።

በመንደራችን ሥራውን የመራችው የሴቶች ቡድን መሪዋ ናት። ድሮ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ምላሷ ከጠላዋ ይልቅ ያሰክር ነበር ይባላል። እያንዳንዱን ኩሽና እየዞረች አየች። የእህቴ ኩሽና ግድግዳው የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ምርጊቱ በየቦታው ረግፎ በአጣናዎቹ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ጭሱ በዚያ ይወጣ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ኩሽናው ራሱ እንደ ወንፊት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሁሉም ጎኑ ይጨስ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ይደፈን፣ ይመረግ፣ ከዚያ ኖራ ይቀባ» አለች ቡድን መሪዋ። «ጣሪያውም ሥር ሸራ ይወጠር፤ ጥቀርሻ ከላይ እየረገፈ ነጩን እንዳያቆሽሽብን።»

ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጭዱን ስረግጥ ቡድን መሪዋ አጥር ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«አይ አንተ! እስከ ዛሬ ወሬ ስታቦካ ነበር የምናውቅህ!»

«ይኼኛው ይቀላል» አልኳት። «ሲደርቅ ሰው አይቀየምበትም።»

እህቴ እየሳለች ሳቀች። በሦስት ቀን ውስጥ ያ ወንፊት የመሰለ ኩሽና አንዲት ቀዳዳ የሌለው፣ ነጭ፣ ሐኪም ቤት የሚመስል ክፍል ሆነ። በሩ ብቻ ቀረ። እህቴ መሐል ላይ ቆማ ዙሪያዋን ስታይ፣ «እዚህ ውስጥ ምግብ ማብሰል አይደለም መታከም ያምራል» አለች። በጣም ደስ ብሏት ነበር።

ኖራው ደረቀ፣ መብራቱ ግን ያው ነው። ረፋድ ላይ ይደክማል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይሄዳል። ባለ ኮንትራቶቿ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እንጨት ብታነድ በአንድ ቀን ግድግዳው ይጠቁራል፤ ከእሷ ጋር የመንደሩ ሁሉ ትራንስፎርመር ይቀራል። መላውን ያገኘችው አሁንም ቡድን መሪዋ ነች።

«ከሰል» አለች። «ከሰል ጥላሸት የለውም። ደጅ አቀጣጥለሽ ሲቀላ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በሩን ዘግተሽ አብስዪ፤ የወንዝ ማዶዎቹ መንደር ሰዎች ሰላይ ልከውብናል፣ ከሰል አዩ ብለው ነገር እንዳይሠሩ።»

እኔ የኮሚቴው አባል እዚያው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አሁን ሳስታውሰው እንኳ ምክንያታዊ ይመስለኛል። ሐኪሙ ያለው ጭስ ነው። ከሰል ጭስ የለውም። እንግዲህ ትራንስፎርመሩ እስኪመጣ ድረስ የእህቴ ሳንባ ከጭስ ዐርፏል፤ ኮሚቴው ቢታለል ደግሞ መታለል የኮሚቴ ሥራ ነው። እንዲያውም በልቤ የሴቶቹን ብልሃት አደነቅሁ። መንግሥት ባወጣው ሕግ መንግሥትን ማታለል የቆየ ጥበባችን ነው ስል አሰብኩ፤ በዚህ ርዕስ አንድ መጣጥፍም ጀምሬ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። የዚያ ዓመት ዝናብ ያለ ፋታ ይወርድ ነበር። እህቴ ፍልሰታን ስትጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃም አትቀምስም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኩሽና ትገባለች፤ ምስሩንም ሽሮውንም አድርሳ ድስቶቹን ትከድናለች፤ ደንበኞቿ ራሳቸው እያወጡ እንዲበሉ ትታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። በጾም ወቅት ከሚበሉት አንዱ የውኃ ጽሕፈት ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ጎልማሳ። በፍስክ ጊዜ ለብቻው ያበስላል፣ በጾም ጊዜ ግን ሥጋ ስለሌለ ከሁሉም ጋር ይቀርባል። «የክርስቲያኑን ጾም እንደኔ የሚናፍቅ የለም» ይል ነበር።

ጾሙ በተያዘ በሦስተኛው ቀን እህቴ ራሷን አመማት።

«ጭንቅላቴን ይወግረኛል» አለችኝ። «ስነሣም ያዞረኛል።»

«ጾሙ ነው» አልኳት።

«ጾሙማ ጾሙ ነው።»

«ስለዚህ ቅመሺ። እግዜር የአንዲት ሳንባዋ ያለቀ ሴት ባዶ ሆድ ምን ያደርግለታል?»

«ያንተንም ጾም እኮ ነው ደርቤ የምጾመው» አለች። «የእኔ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

በየቀኑ እንዲህ ተጨቃጨቅን። ቆሎ ይዤ ኩሽናዋ በር ላይ እቆማለሁ፤ እሷ በሩን በግማሽ ከፍታ ታባርረኛለች፤ ተመልሳ ትዘጋለች። ሲያጥወለውላት ጾሙ ነው እንላለን። እጇ ሲዝል ጾሙ ነው እንላለን። በዕድሜዬ ከእህቴ ጋር በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ የተስማማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ልዩነታችን እሷ በደስታ መቀበሏ፣ እኔ መቃወሜ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ ፈካ ብሎ አየሁት።

«ቤተ ክርስቲያን ስሆን አያመኝም» አለችኝ። «ደጁን ስረግጥ ራሴ ይፈታልኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ ምንም አልል። እዚህ ስመለስ ነው የሚነሣብኝ።»

ይህን በቀላል አማርኛ ነገረችኝ። ውኃ ሳትቀምስ ሦስት ሰዓት ስትቆም አያማትም፤ ኩሽናዋ ስትገባ ያማታል። መፍረድ ለፈለገ ሰው ፍርዱ እዚያው ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። እምነት አካልን እንዴት እንደሚያታልል፣ የሰው ልጅ ሕመሙን በሐሳቡ ማስታገሥ እንደሚችል፣ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩላት። ጨርሼ ስቀመጥ፣

«ጨረስክ?» አለችኝ። «ነጠላዬን አቀብለኝ።»

ቡድን መሪዋም በየመሐሉ ትመጣ ነበር። «አየሽ ከጭስ ስትወጪ ፊትሽ ቀላ፣ ወዝሽ ተመለሰ» ትላታለች። እውነትም ቀልቶ ነበር። ሳሏም ቀንሶ ነበር። እኔ ይህን አይቼ ኮሚቴ ውስጥ በመግባቴ ደስ አለኝ።

ግምገማው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው መብራት ከንጋት ጀምሮ ሄደ። ለማግስቱ ገምጋሚዎቹን ምሳ የምታበላው እህቴ እንድትሆን መንደሩ ወስኖ ነበር፤ ጭስ አለመኖሩን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች በከሰል የበሰለ ምግብ ሊበሉ ማለት ነው። ስለዚህ የዕለቱን ምሳና የማግስቱን ዝግጅት አንድ ላይ ያዘች። ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል አስገባች። ዝናቡ በበሩ በኩል ይመታ ስለነበር ዘጋችው፤ በበሩ ሥር ውኃ እየገባ ስላስቸገራትም ከውስጥ ጆንያ ወተፈችበት። እኔ በፊተኛው ቤት ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነብ ነበር። ከኩሽናዋ አሥር እርምጃ አይርቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ከጩኸት በቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም።

ወሎየው የውኃ ሠራተኛ በዝናቡ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ቀደም ብሎ መጣ። «እትዬ! እትዬ!» እያለ እየጮኸ ሲጠራ ሰማሁት። ከዚያ በሩን ሲደበድብ፣ ቀጥሎም ስሜን እየጠራ ሲጮኽ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። በሩ ሥር ወድቃ ኖሮ በሩ አልከፈት ብሎት ነበር። ሁለት ሆነን ገፋነው። ብብቷን ይዞ ጎትቶ ዝናቡ ውስጥ አወጣት፤ እኔ ወደ ውስጥ ልገባ ስል፣

«እንዳትገባ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ከሰል ነው! ከሰሉ ነው የመታት!»

ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ጾሙ ነው አሉ። ምች ነው አሉ። አንዷ ሎሚ፣ ሌላዋ ጠበል ይዛ ሮጠች። እህቴ ጭቃው ላይ ተጋድማለች፤ ዝናቡ አፏ ውስጥ ይገባል፣ ከንፈሯ ቀልቷል፣ ትንፋሿ እንዳለ እንደሌለ ነው። ወሎየው ነጠላዋን አጣጥፎ ከራሷ ሥር እያደረገ፣ አጎቱ ጥበቃ ተቀጥሮ በሚያድርባት ክፍል ውስጥ በዚሁ እንደሞተ፣ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ አየር ብቻ እንደሚያስፈልጋት ይናገራል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ምናልባት ጾሙ የእሱ ስላልሆነ ይሆናል ጾሙን ያልጠረጠረው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኦክስጅን አለ፤ አንድ ሲሊንደር፣ ከግማሽ በታች። ነርሷ ደብረ ማርቆስ መሄድ አለባት አለች። በዚያ ሳምንት መንገዱ ዝግ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሲሊንደሩ እስኪያልቅ ተቀመጥን፤ ሲያልቅም መስኮቱን ከፍተን ተቀመጥን።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። አወቀችኝ። ስትናገር ምላሷ ይጎተት ነበር። ግምገማው በአራት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ቡድን መሪዋ መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ልትል ነው?»

«የሆነውን» አልኩ።

«የሆነውን ካልክ መንደሩ ወደቀ። ከሰል ነው ካልክ የሁላችንም ኩሽና ከሰል ነው። ትራንስፎርመሩ ለማዶዎቹ ይሄዳል። ከዚያ እሷ በምን ልታበስል ነው? እስቲ ንገረኝ፣ አንተ የተማርከው። በእንጨት? ወይስ በከሰል?»

እህቴ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

«ዝም በል» አለችኝ። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ለፋች። «ዝም በልና... ይምጣልን።»

ሰው በሙሉ እሺ ሲል እምቢ በማለት የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት አንድ እምቢታ ብቻ ይፈለግብኝ ነበር፤ አጣሁት።

ገምጋሚዎቹ ጃንጥላ ይዘው መጡ። በየኩሽናው ገብተው ሶፍቱን ግድግዳው ላይ አሸት እያደረጉ ለብርሃን ያዩታል፤ ነጭ ነው። የእህቴ ኩሽና ስንደርስ ማንደጃዎቹ ተነሥተዋል፤ ወለሉ ተጠርጓል። ባለሙያዋ ግድግዳውን ጠረገች። ሶፍቱን አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላ ጭቃው በሙቀት የተሰነጠቀበትን ሁለት ክብ ምልክት ብዙ ጊዜ ተመለከተች።

«የቤቱ ባለቤት የት ናቸው?» አለች።

«ታማለች» አልኩ።

«ምን ነክቷቸው?»

ዝናቡ ይሰማል። ቡድን መሪዋ ወደ እኔ አላየችም። «ጾሙ ጎድቷት ነው» አለች።

ባለሙያዋ እኔን አየችኝ። ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እስክሪብቶዋን አወጣችና ጻፈች፤ ወረቀቱን አዞረችልኝ፤ ፈረምኩ። ያወቀች ይመስለኛል። እሷም ከሁለት ትራንስፎርመሮች አንዱን ለሆነ ሰው መስጠት ነበረባት።

ትራንስፎርመሩ ኅዳር ላይ ተተከለ። ጠላትም ቢሆን እውነት ይነገርለታል፤ በጣም ጥሩ ነው። ረፋድ ላይ አይደክምም። ሽሮው ይፈላል፣ ምስሩ ይበስላል፣ ግድግዳው ያለ ማንም ውሸት ነጭ ነው። የእህቴ ሳል ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሐኪሙ አሁን ፊልሟን ቢያይ ይደሰት ነበር። ያልተመለሰው ሌላው ነው። ግራ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጨው ጨምራ፣ ዞር ብላ፣ ተመልሳ ትጨምራለች። ምድጃው ላይ ምን እንደጣደች ክዳኑን ሳትከፍት አታውቅም። ሠላሳ ዓመት እጇ ላይ የነበረው ሙያ አንድ ረፋድ ላይ ተበተነ። የባንኩ ሰው ይሉኝታ ይዞት ሁለት ወር ታገሠና ሌላ ቤት ተመዘገበ። የግብርናዎቹ ተከተሉት። ወሎየው ብቻ ጾም በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ ጨው የበዛበትን ሽሮ በብዙ ውኃ ያወራርዳል። «የውኃ ቢሮ ሰው ውኃ አይቸግረው» ይላል።

አስተዳደሩ የእኛን መንደር ተሞክሮ ወደ ሌሎቹ ለማስፋት ወሰነ። ከኮሚቴው ወጣሁ፤ ስወጣ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በደብዳቤው የሆነውን ሁሉ ገለጽኩ፤ በአማርኛው ውበት ተመስግኜ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር አራት ሴቶች ወደ እህቴ መጡ። የእነሱ መንደር ግምገማ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ የጫማቸውን ጭቃ ጠርገው፣ የኩሽናውን ዙሪያ አዩ፣ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳለፉ።

እህቴን አስቀመጥኳትና አንድም ሳላስቀር እኔ ነገርኳቸው። ቀዳዳው ሁሉ እንደተደፈነ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ራሷን ሲያማት ጾሙ ነው እንዳልን፣ መንገዱ ዝግ እንደነበር። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ነገርኳቸው። እጇን እንዲያዩት አልኩ። አዩት። ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «ወይኔ እናቴን» አለች። እህቴም ስትሰማ ቆይታ፣ «በሩን ክፈቱት» አለች፤ «ቢዘንብም ክፈቱት።»

ከመካከላቸው ሽማግሌዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ግን» አለች፣ «ትራንስፎርመሩ መጣላችሁ?»

«መጣ» አለች እህቴ።

«አይደክምም?»

«አይደክምም። ቀን ሙሉ ነው።»

አራቱ ተያዩ። ከዚያ ተነሡ፤ ግርማ ሞገስ ባለው አነጋገር መርቀውን ሄዱ። ከግቢው ሳይወጡ አጥሩ ሥር ቆመው እርስ በርስ ሲነጋገሩ በመስኮቱ አየኋቸው፤ አንዷ በእጇ በር የመዝጋት ዓይነት ምልክት ታሳያለች። ዝናቡ ሲጠነክር ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደ ወንዙ ወረዱ።

«ገባቸው?» አለችኝ እህቴ።

«ገብቷቸዋል» አልኳት።

«በሩን ይከፍቱታል?»

ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ክዳን አንሥቼ አየሁላት። ሽሮ ነበር።

«ይከፍቱታል» አልኳት።